ያልጠፋው መድኃኒት

ውድ ልጄ፣

ትናንት በስልክ «አባዬ፣ ያኔ ክፍል የደገምኩት ለምን ይመስልሃል?» ስትዪኝ፣ ሥራ አለብኝ ብዬ ዘጋሁብሽ። ውሸቴን ነው፤ ብየዳ ቤቱ ባዶ ነበር። በአፌ ማውጣት ስላቃተኝ ነው የምጽፍልሽ።

አሥራ ሁለት ዓመትሽ ነበር። መምህርትሽ አስጠርታን «ልጅቷ ጎበዝ ናት፤ ሐሳቧ ግን አንድ ቦታ አይረጋም» አለችን። ሐኪሙ ከስንት ምልልስ በኋላ ኤዲኤችዲ የሚሉት ትኩረት የማጣት ችግር ነው ብሎ ኪኒን ጻፈልሽ። እናትሽ እፎይ አለች። እኔ ግን «ልጄ ፈጣን ናት እንጂ በሽተኛ አይደለችም፤ አላደነዝዛትም» ብዬ ተቆጣሁ። አጎትሽ «መድኃኒቷ ቀበቶ ነው» ቢል ከቤት አስወጣሁት። በዚህችው ራሴን ደግ አባት አድርጌ ቆጠርኩ።

እናትሽ ኪኒኑ ጠፋ ብላ ቤቱን ስታገላብጥ ትዝ ይልሻል? አልጠፋም። እናትሽ መስጠት በጀመረች በሦስተኛው ቀን፣ ምግብ እምቢ ስትዪ ጊዜ እኔ ጣልኩት። መጠኑ ይቀነስላት እንደሆነ ሐኪሙን እንኳ አልጠየቅኩም። እናትሽ ተመልሰን እንሂድ ባለች ቁጥር «ስታድግ ይተዋታል» እያልኩ ዓመቱን አስጨረስኳት።

ወደቅሽ። ካርድሽን ይዘሽ ብየዳ ቤት መጣሽና ብረቱ ላይ ቁጭ አልሽ። «እኔ ሰነፍ ነኝ አይደል? ግን እኮ ያን ሦስት ቀን መምህርቷ የምትለው ሁሉ ይገባኝ ነበር» አልሽ። አላለቀስሽም። አንጀቴን የበላው እሱ ነው።

በማግስቱ ብየዳ ቤቱን ዘግቼ ራሴ ሐኪሙ ጋ ወሰድኩሽ። «ስወስደው ሌላ ሰው እሆናለሁ?» ብለሽ ሐኪሙን ጠየቅሽው። «ከመሰለሽ ንገሪኝ፣ እንቀይረዋለን። ደግሞ ኪኒን ብቻውን አይበቃም፤ ቤትም ትምህርት ቤትም ያግዙሽ» አለሽ። ከዚያ ወዲያ መምህርትሽ ፊት ወንበር ሰጠችሽ። እኔም የቤት ሥራሽን ቆራርጬ፣ በየመሃሉ ብረት እያስለቀምኩሽ አስጠናሁሽ። ሌላ ሰው አልሆንሽም። ዛሬም የሰው ወሬ ከአፉ ትነጥቂያለሽ። ድንገተኛ ክፍል ውስጥ አምስት በሽተኛ በአንዴ ሲጠራሽ ግን የማትደናገጪ ነርስ አንቺ ነሽ አሉ።

መድኃኒት መፍራቴ አይቆጨኝም፤ የትኛውም ወላጅ ይፈራል። የሚቆጨኝ ኪኒኑን መጣሌን ደብቄሽ መኖሬ ነው። ያን ዓመት የደገምሽው በእኔ ነው፤ በስንፍናሽ አይደለም።

ለእናትሽ ዛሬ ጠዋት ነገርኳት። «መጀመሪያ ለእሷ ጻፍ፤ እኔና አንተ በኋላ እንተያያለን» ብላኝ ይኸው ወጥ ቤት ድስት ታጋጫለች።

እሑድ በመጀመሪያው አውቶቡስ እመጣለሁ። ልታናግሪኝ ባትፈልጊ አልቀየምም፤ ከሆስፒታሉ በር ስትወጪ አይቼሽ እመለሳለሁ።

የሚሳሳልሽ አባትሽ