የዘለልነው ምዕራፍ

አስፋው ሆዴ፤

ከተለየኸኝ ሁለት ዓመት ሊሆን ነው። እስከ ዛሬ ያልጻፍኩልህ ረስቼህ አይደለም፣ ደክሞኝ ነው። ከፋብሪካ ስወጣ ይደክመኛል፤ ተኝቼ ስነሳም ይደክመኛል። ሰው እንዴት ነሽ ሲለኝ እግዚአብሔር ይመስገን ብሎ መመለስ እንኳ ሥራ ሆኖብኛል። ትናንት ግን ማኅበሩ እኛ ቤት ነበር፤ እዚያ የሆነውን ካንተ በቀር የምነግረው ሰው አጣሁ።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ፤ ከመንገድ ስትገባ ጫማህን ሳታወልቅ የምትጠይቀኝ እሱን ነበር። ሚኒባሷን ሸጥናት። የገዛት የሐርቡ ሰው ነው፤ ቀለሟን እንኳ አልቀየረም። መናኸሪያው አጠገብ ቆማ ሳያት ፊቴን አዙሬ አልፋለሁ። ልጃችን ሕይወት ዩኒቨርሲቲ ገብታ ደሴ ነው የምትኖረው። ቅዳሜ ቅዳሜ ስትመጣ የደሴን ብርድ ለብሳው ትመጣና ኮምቦልቻ ስትደርስ ሹራቡን አንድ በአንድ ታወልቃለች። ካንተ የወረሰችው አፍንጫህን ብቻ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ክርክርህንም ወርሳለች። ጣሪያው ክረምት ላይ አፍስሶ የጎረቤታችን የዘምዘም ባል ወጥቶ ደፈነልኝ። ዘምዘም ራሷ እንደምታውቃት ናት፤ ጠዋት በአጥሩ በኩል ድምፄን ካልሰማች ውሎዋ አይጀመርም። አብሽሪ ትለኛለች፣ እሺ እላታለሁ። እሷ እኔ አለመጽናናቴን ታውቃለች፣ እኔም ማወቋን አውቃለሁ፤ ነገር ግን ሁለታችንም የየድርሻችንን እንላለን።

ማኅበሩን ያመጣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ታስታውሳለህ፣ ድሮ የሚካኤል ማኅበራችን በየወሩ ከቤት ቤት እየዞረ፣ ጸሎት ተደርሶ፣ ዳቦው ተቆርሶ፣ ጠላው ተጠጥቶ፣ ስለ በርበሬ መወደድ ተወርቶ የሚበተን ነበር። አንድ ቀን ተነስተህ በየወሩ አንድ አንድ ምዕራፍ ወንጌል ብናነብ ምን ይለናል አልክ። እትዬ አልማዝ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው ባልሽ ጴንጤ ሊያደርገን ነው እንዴ ብለው ጠየቁኝ። እኔም ሳልፈራ አልቀረሁም። አንተ ግን በሚቀጥለው ወር የንስሐ አባታችንን መምሬን ይዘህ መጣህ፤ እሳቸው ትርጓሜውን ሊነግሩን ከመሃላችን ሲቀመጡ የሁሉም አፍ ተዘጋ። የማኅበሩ ሙሴ፣ መሪያችን ጋሽ ወልዴ፣ ዕድሜያቸውን በሽመና ማሽን ድምፅ መካከል የጨረሱ ሰው፣ መነጽራቸውን አድርገው ማንበብ ጀመሩ። እንደ ፋብሪካ ሰው እየጮኹ ነበር የሚያነቡት፤ ጎረቤት ሁሉ አብሮን ተማረ።

ያወጣኸው ደንብ አንድ ብቻ ነበር፤ መዝለል የለም። እገሌ እገሌን ወለደ የሚለው ረጅም የስም ዝርዝር ጋ ስንደርስ መምሬ እንኳ ይህን ብናልፈው ምንም አይደል ብለውን ነበር። አንተ ግን ስማቸው የተጻፈው እንዲነበብ ነው ብለህ ምላስህ እየተሳሰረ እስከ መጨረሻው ዘለቅከው። እኛም እስክናነባ ሳቅን። እንዲያ እየሳቅን እኮ ነው መጽሐፉን የለመድነው።

እኔ በዚያን ጊዜ የጠላ ማሰሮ ይዤ በር ላይ የምቆም ሴት ነበርኩ። ደጅ መሳም፣ ጸበል መጠጣት፣ ስለት ማስገባት አውቃለሁ፤ ከዚያ ያለፈው የካህናት ነው ብዬ ነበር የማምነው። አንድ ቀን በሰው ፊት፣ ብርቄ ላንቺስ ምን ይመስልሻል ብለህ ጠየቅከኝ። አፍሬ ዝም አልኩ፤ ወደ ቤት ስንመለስ ደግሞ ተቆጥቼ አላናገርኩህም። ወር ሙሉ ግን ጥያቄው አልለቀቀኝም፣ ማሽን ላይ ቆሜም አስበው ነበር። በሚቀጥለው ማኅበር ማሰሮውን ይዤ እንደቆምኩ መለስኩ። መምሬ ቀና ብለው አይተውኝ ይህችን ሴት አስቀምጧት አሉ። ከዚያ ቀን ወዲህ ነው እግዚአብሔርን በራሴ አፍ ማናገር የጀመርኩት። አንተም ክርክሩ ብሶብህ ነበር፤ በሚኒባሷ የሐረጎን ዳገት እየወጣህ ለተሳፋሪ ጥያቄ ትጥላለህ፣ እስላሙም ክርስቲያኑም ይከራከራል፣ መውረጃውን ያለፈ ሰው አንተን ይራገማል።

የታመምክ ጊዜ ንባባችን አልዓዛር የሞተበት ምዕራፍ ላይ ደርሶ ነበር። ተራውም የእኛ ቤት ነበር። ደሴ ሆስፒታል ተኝተህ ሕመሙ ፋታ ሲሰጥህ፣ ስወጣ እኔ ነኝ የማነበው ትለኝ ነበር። ማኅበሩ ሁሉ ጾመልህ፤ መምሬ ደሴ ድረስ ወጥተው ጸለዩልህ። እኔም ወንጌሉ እንዳስተማረኝ፣ ሳልጠራጠር፣ እንደ ልጅ ለመንኩ። አንተ ግን አልወጣህም።

ከአርባህ በኋላ ማኅበሩ ጋሽ ወልዴ ቤት ተሰበሰበ። ያንተ ቦታ ለእኔ ተሰጥቶኝ እንደ ማኅበርተኛ ተቀመጥኩ። ጋሽ ወልዴ መጽሐፉን ገልጠው ማንበብ ጀመሩ፤ ድምፃቸው እንደ ወትሮው አልጮኸም። ወዲያው ገባኝ። የአልዓዛርን ምዕራፍ አልፈው የሚቀጥለውን ነበር የሚያነቡት። ሳልሰማ ተመካክረው ኖሯል፤ እንዳላለቅስ ብለው መሆኑ ነው። ያላሰቡት ነገር ግን አለ፤ በሚቀጥለው ምዕራፍ አልዓዛር ተነሥቶ ማዕድ ላይ ተቀምጧል፤ እኅቱ ማርታም ታስተናግዳለች። ሞቱን ዘለሉና ሰውዬውን እራት ላይ አገኙት። ጋሽ ወልዴ እዚያ ሲደርሱ አንገታቸውን ደፍተው ፈጠን ፈጠን አሉ።

በዚያው ወር አዲስ የገባች ልጅ ነበረች፣ ትዕግሥት ትባላለች። ከቢስቲማ በኩል የመጣች፣ በሰው ቤት ሥራ ያደገች፣ አሁን ከእኔ ጋር ፋብሪካ የምትሠራ ልጅ ናት። ወንጌል ሲነበብ የሰማችው ገና ያን ቀን ነው። ይህ ከሙታን ተነሣ የተባለው ሰውዬ መቼ ሞተ ብላ ጠየቀች። እትዬ አልማዝ ዳቦ አነሰ ብለው ተነሱ፤ መምሬ ጺማቸውን ያዙ። ጋሽ ወልዴ በሌላ ጊዜ እንደርስበታለን አሏት። አንተ ብትኖር በሳቅ ትሞት ነበር።

ከዚያ በኋላም እንዲሁ ሆነ። ወንጌሉ አልቆ የሐዋርያት ሥራን ስናነብ ጣቢታ የሞተችበት ጋ ደርሰው እሷንም አለፏት። እኔም ዝም አልኩ። እውነቱን ልንገርህ፣ መጀመሪያ ላይ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ያንን ምዕራፍ የምሰማበት ጉልበት አልነበረኝም። እየቆየ ግን ዝምታው ከበደኝ። በየወሩ እሄዳለሁ፣ እቀመጣለሁ፣ አሜን እላለሁ፣ እመለሳለሁ። ጸሎቴ አፌ ላይ ይቀራል። አልዓዛርን ያስነሣ አንተን ለምን ተወህ የሚለው ነገር ጉሮሮዬ ላይ ተቀምጦ ሌላ ነገር አላሳልፍ ብሎኛል፤ ይህን ማሰቡም ኃጢአት እየመሰለኝ ለመምሬ እንኳ አልነገርኳቸውም። ስለዚህ ቆረጥኩ። ተራው እኔ ጋ ሲደርስ በወጉ አስተናግጄ፣ የማኅበሩን ጽዋ ለሚቀጥለው ተረኛ ለእትዬ አልማዝ አስረክቤ፣ በእኔ ቦታ ሰው ተኩ ልላቸው ነበር። ማኅበሩን ብቻ ሳይሆን ያንን መጽሐፍም ልተወው ነበር።

ለዘምዘም ብቻ ነገርኳት፤ ትልቁን ድስቷን ልታውሰኝ መጥታ ነበር። ድስቱን እንደያዘች ቆማ ሰማችኝና መተዉን አንቺ ታውቂያለሽ አለችኝ። ቀጥላም፦

«ግን ወላሂ፣ የተቀየምሽበትን ሳትነግሪያቸው እንዳትተዪ። ቂም ይዘሽ ከወጣሽ የትም አታርፊም።»

ትናንት ሁሉም መጡ። መምሬ ጸሎት አደረሱ፤ ዳቦው ተባረከ። ከመቆረሱ በፊት እንደ ልማዳችን የሞቱ ማኅበርተኞች ስም ተጠራ፤ ያንተ መጨረሻ ላይ ነው። ነፍስ ይማር አልን። ይህንን ሁልጊዜ እንላለን፣ አያስቸግረንም። ከዚያ ጋሽ ወልዴ ያቆምንበትን ሊገልጡ ሲሉ፣ ማሰሮውን ይዤ እንደቆምኩ፣ ዛሬ የአልዓዛር ምዕራፍ ይነበብልኝ አልኳቸው። ማንም ቀና አላለም። ትዕግሥት ብቻ ዓይን ዓይኔን ታየኛለች። የሚያነብ ሲጠፋ ማሰሮውን አስቀምጬ መጽሐፉን ከጋሽ ወልዴ እጅ ወሰድኩና ራሴ ጀመርኩ።

ጌታ መታመሙን ሰምቶ እንደዘገየ አነበብኩ። ማርታ መንገድ ላይ ወጥታ የተቀበለችው ጋ ደረስኩ። አንተ እዚህ ብትኖር ኖሮ ወንድሜ ባልሞተ ነበር ያለችውን አነበብኩና ጣቴን እዚያው ላይ አድርጌ ቀና አልኩ። አስፋው፣ እኔ ሁለት ዓመት ሊሞላ በጉሮሮዬ የያዝኩትን ሴትየዋ ፊት ለፊቱ ነገረችው። እሱም አልተቆጣትም። ይህን ጮክ ብዬ ነገርኳቸው፤ እኔም የምለው ይህንኑ ነው፣ ለምን ዘገየ፣ ለምን ተወብኝ አልኩ። መምሬ ይገሥጹኛል ብዬ ጠበቅኩ። እሳቸው ግን የጋቢያቸውን ጫፍ ይዘው ዓይናቸውን ይጠርጉ ነበር። ጋሽ ወልዴ መነጽራቸውን አወለቁ።

«የዘለልነው ላንቺ ብለን አልነበረም፣ ልጄ። ላንቺ ብለን ነው ያልነው ውሸት ነው። እኔ ነኝ ያቃተኝ።»

ይህን ብለው እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቁ። በየእሑዱ ከቤታቸው ወስደህ ቤተ ክርስቲያን ታደርሳቸው እንደነበር፣ ካንተ ወዲያ የመኪና ድምፅ ደጃቸው ሲሰሙ እስከ ዛሬ እንደሚነሱ ነገሩን። እትዬ አልማዝም አለቀሱ፤ እኚያ ጴንጤ ያሉህ እትዬ አልማዝ። ሁሉም እኔን ከለቅሶ ሲጠብቁ ለካ የየራሳቸውን ሐዘን ደብቀው ነበር። እኔም እነሱን አየሁ፤ አንተን ብቻዬን የቀበርኩህ መስሎኝ ነበር የኖርኩት።

ከዚያ ቀጠልን። ታምኛለሽ ወይ ብሎ ማርታን የጠየቃትን አነበብኩ። መልሷንም አነበብኩ፤ መልሱ የእሷ ነው፣ የእኔን ገና አልሰጠሁም። ጌታ ያለቀሰበት ጋ ስንደርስ የማታ ፈረቃ የሚገቡትን የሚወስደው ሰርቪስ ውጭ ጥሩምባውን ነፋ። ግማሹ ሰው ተነሳ። መምሬ ቀሪውን ባጭሩ ልንገራችሁ ቢሉ እባክዎን አይንገሩን አልኳቸው፤ ባጭሩ ማለት እኮ መዝለል ነው። እሺ ብለው መጽሐፉን ከደኑት። እንግዲህ እዚያው መቃብሩ ደጅ ቆመን ነው የቀረነው፤ ድንጋዩ ገና አልተነሣም።

ጽዋውን ለእትዬ አልማዝ ሳስረክብ በእኔ ቦታ ሰው ተኩ ማለቱን ረሳሁት፤ ትዝ ያለኝ ቆይቶ ነው። በሩ ላይ ትዕግሥት ነጠላዋን እያስተካከለች ወደ ኋላ ቀረች። መጨረሻውን በእርግጥም አልሰማችም። ከዚያስ ምን ሆነ፣ ሰውዬው እንዴት ተነሣ ብላ ጠየቀችኝ። ልነግራት ስል ተውኩት። የሚመጣው ወር እትዬ አልማዝ ቤት ነው፣ መጥቼ እወስድሻለሁ፣ አብረን እንሰማዋለን አልኳት። ይህን ያለው የእኔ አፍ ነው። ሰርቪሱ ሳያመልጣት እየሮጠች ሄደች።

አስፋው፣ እኔም አንተን ስዘልህ ኖሬአለሁ። ሳስብህ ሹፌሩን፣ ተከራካሪውን፣ የሚያስቀኝን ብቻ አስብና ሆስፒታሉ ጋ ስደርስ አልፋለሁ። ከእንግዲህ አላልፍም። ትንፋሽህ ያጠረበትን፣ እጄን መጨበጥ ያቃተህን፣ ውኃ ጠይቀህ መዋጥ የተሳነህን ቀን ሁሉ አንድም ሳላስቀር አስብሃለሁ። አሁንም ደክሞኛል፤ ዛሬ ጠዋት ስነሳም እንደ ትናንቱ ደክሞኝ ነበር። ግን ልጅቷ ትጠብቀኛለች፣ እሄዳለሁ።

ያንተው ብርቄ