በሁዳዴ የተማረ ትከሻ

ጥር 19፣ ሰኞ

ምሽት ቤት አልከፍትም። «የብርጓል በጡረታዋ የባህል ምሽት ቤት ልትከፍት ነው፤ ውዝዋዜ የምትማረውም ለዚሁ ነው» ይባላል አሉ። የመጀመሪያው ስህተት፦ የምማረው ውዝዋዜ ሳይሆን ውዝዋዜ ማስተማር ነው፤ ከኮሌጅ፣ በርቀት፣ በሞጁል። ሁለተኛው ስህተት፦ ምሽት ላይ እኔ ተኝቻለሁ።

ወሬውን ያመጣችልኝ ጎረቤቴ አይናዲስ ናት። አጥር ላይ ተደግፋ…

«እትዬ የብርጓል፣ ቤቱ መቼ ነው የሚመረቀው? በር ላይ ቆሜ ትኬት እቆርጥልዎታለሁ።»

«ሒሳብሽን አውቀዋለሁ፤ በወሩ ታከስሪኛለሽ።»

ሳቀች። እኔም… ትንሽ።

ሌላው እንደ ወትሮው። ጠዋት ኪዳን አስደርሼ መጣሁ፤ ከዚያ ሞጁል ሦስት። የፊደል ግድፈት አገኘሁና በቀይ አረምኩ። ዕድሜዬን ሙሉ ሒሳብ ሳስተምር ኖሬ እጄ አርፎ አይቀመጥም።

ለምን ውዝዋዜ? ራሴንም ጠይቄዋለሁ። ባለፈው ዓመት በወላጆች ቀን፣ ሳስተምርበት በኖርኩት ትምህርት ቤት፣ ልጆቹ እስክስታ ሊያሳዩ መድረክ ላይ ወጡ። ከስልክ ነበር የቀዱት። ስልኩን እንደ መስታወት አይተውት ግራው በቀኝ ተገልብጧል። የፊታቸው ፈገግታ እንኳ የተቀዳ ነው። ርዕሰ መምህሩን አንተነህን ጠየቅኩት (ማባዛት ያስተማርኩት ልጅ ነው፣ ዛሬም ሲያየኝ ኮቱን ይቆልፋል)።

«ቲቸር፣ ክወናና እይታ ጥበባት የሚባል ትምህርት አለን። ውዝዋዜውን የሚያስተምር ሰው ግን የለንም።»

«ይኖርሃል» አልኩት። ከአፌ ወጣ። ካለፍኩ በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ ይሰጠኛል። ካላለፍኩ ልጆቹ ከስልኩ ጋር ይቀራሉ።

ጥር 27፣ ማክሰኞ

የተግባር ፈተናዬን ዛሬ ቀረጽን። ልጆች ሳስተምር ተቀርጾ ለኮሌጁ ይላካል። አንተነህ በስልኩ ቀረጸ።

አምስተኛ ክፍሎችን በሰልፍ አቆምኩ። «አንድ» ስል ቀኝ ትከሻ፣ «ሁለት» ስል ግራ፣ «ሦስት» ስል ደረት። እኔ የተማርኩት እንዲህ ነው። በልጅነቴ ትምህርት ቤት ያስተማሩኝ ሴትዮ ቁጥር ሳይጠሩ መስኮት እንኳ አያስከፍቱም ነበር።

ከሂዊ በቀር አንድም ልጅ አልተሳሳተም። ያቺ ቀጭን ልጅ… ቁጥሩ ሳይጠራ ትከሻዋ ይቀድማል።

«ቁጥሩን ጠብቂ።»

«እኔ እየጠበቅኩ ነው ቲቸር። እሱ ነው የማይጠብቀው» ብላ ትከሻዋን አሳየችኝ። ክፍሉ ሳቀ። ወደ ኋላው ረድፍ ወሰድኳት።

የቀሩት ግን በማስመሪያ የተሰመሩ ይመስላሉ። ኮራሁ።

የካቲት 8፣ ቅዳሜ

«አላለፉም። በድጋሚ ያቅርቡ።»

እኔ። በተማርኩበት ዘመን ሁሉ ወድቄ የማላውቅ።

አስጠኚያችን ትሕትና ራሷ ደወለችልኝ። ከድምፅዋ ገና ልጅ ናት፤ ትሑት ናት፣ ግን አትመለስም።

«እናቴ፣ ቪዲዮውን ድምፁን አጥፍቼ አየሁት።»

«ለምን ታጠፊዋለሽ?»

«የእርስዎ ድምፅ ልጆቹን ሸፈነብኝ። ድምፁ ሲጠፋ ደግሞ ሰልፈኞች ናቸው። የምትወዛወዝ ያየሁት አንዲት ልጅ ብቻ ነው።»

«የትኛዋን?»

«ኋላ የቆመችውን። የምትሳሳተዋን።»

ስልኩን ዘጋሁ። ደህና ዋይ ብያታለሁ? አላስታውስም።

የድጋሚው መጨረሻ ቀን መጋቢት 20 ነው። የግድግዳውን ቀን መቁጠሪያ ገለጥኩ… ሁዳዴ መሐል።

የካቲት 9፣ እሑድ

ድምፁን አጥፍቼ አየሁት። ትሕትና እውነቷን ነው።

የካቲት 14፣ ዓርብ

ቀኑ ከፋሲካ በኋላ እንዲሆንልኝ ጠየቅኩ። ትሕትና፦ «ለሁሉም ተማሪ እኩል ነው፣ እናቴ።» እኔም ብሆን አላራዝምም ነበር። ይህ ነው የሚያናድደኝ።

ታዲያ ምን ይሻላል? በዐቢይ ጾም ከበሮ? በዚህ አገር? በዚህ ዕድሜዬ? ሰርግ እንኳ ፋሲካን ይጠብቃል። አይናዲስ ደግሞ ሳልጠይቃት፦ «ጾም ገብቶ ልጅ ካስጨፈሩማ እኔም ከዚህ በላይ ልከላከልልዎት አልችልም።» እስከ ዛሬ ስትከላከልልኝ ነበር ማለት ነው?

ትቼው ልውደቅ ይሆን… ብዬ አሰብኩ። ለአንድ ሰዓት ያህል።

የካቲት 16፣ እሑድ፣ ቅበላ

ከቅዳሴ በኋላ የንስሐ አባቴን ቄስ ይስማውን አነጋገርኩ።

«አባ፣ በጾሙ ውዝዋዜ ላስተምር አስቤ ነበር።»

«ከበሮ ይመታል?»

«አይመታም።»

«ዘፈንስ?»

«የለም።»

«ጭብጨባ?»

«እሱም የለም።»

«እና ምኑ ቀረ፣ ልጄ?»

«ትከሻው።»

ጢማቸውን ያዙ። እሳቸው ጢማቸውን ሲይዙ ሊቆጡ ነው ወይም ሊስቁ ነው፤ አስቀድሞ አይታወቅም።

«ዘፈንና ከበሮ እስከ ፋሲካ አትነኪም። ልጅ ግን ትከሻው የት እንዳለ ቢያውቅ ጾም አይገድፍም። እኔም በሕማማት ስሰግድ ከርሜ የት እንዳለ በደንብ አውቀዋለሁ።» ከዚያ ጣታቸውን አንሥተው፦ «ለወላጆቹ ራስሽ ንገሪያቸው። ከአጥር ላይ እንዳይሰሙት።»

አይናዲስን ያውቋታል ማለት ነው።

የካቲት 26፣ ረቡዕ

ወላጆችን ሰብስቤ ነገርኳቸው። አንድ አባት «ያለ ከበሮ ከሆነማ ስፖርት ነው» አለና ተነሥቶ ሄደ፤ ልጁን ግን አላስቀረም።

ክፍል ገባሁ። ልጆቹ ቆሙ። አፌን ከፈትኩ፣ «አንድ» ልል…

ቆምኩ። ጭብጨባ ካልተፈቀደ፣ በምት የሚጠራ ቁጥርስ? ምቱን በእጅ ማውጣትና በአፍ ማውጣት ልዩነቱ ምንድን ነው? የእኔ ቁጥር የአፍ ከበሮ ነው። ቄስ ይስማው ይህን አልጠየቁኝም፤ አያውቁትም። እኔ ግን አወቅኩት። ያወቅኩትን እንዳላወቅኩ ማለፍ አልተማርኩም።

ስለዚህ ዝም አልኩ። ልጆቹ አዩኝ። እኔም አየኋቸው። «ቲቸር አሟቸው ይሆን?» ሲል ሰማሁ አንዱ።

ደወሉ ተደወለ። ማንም ምንም ሳይማር ወጣ። እንዲህ ያለ ክፍለ ጊዜ አስተምሬ አላውቅም።

መጋቢት 3፣ ረቡዕ

ዛሬ በክብ አስቀመጥኳቸው። «ትንፋሻችሁን ስሙ» አልኩ፤ ሌላ አልተናገርኩም። ትንፋሽ ሲገባ ትከሻ ይነሣል፣ ሲወጣ ይወርዳል። ሞጁሉ ላይ አለ። አንብቤው አልፌው ነበር፤ ግድፈት ስፈልግ።

መጀመሪያ አፈሩ፣ ተንሾካሾኩ። ከዚያ ጸጥ አሉ። ከዚያ ሂዊ ትከሻዋን ሰበር አድርጋ፣ ሳትነካው፣ አጠገቧ ለተቀመጠው ልጅ ላከችለት። እንዴት ልበለው? ላከችለት ነው የምለው። እሱ ተቀብሎ ለሚቀጥለው። ክቡን ዞሮ እሷው ጋ ተመለሰ። ማንም አላዘዛቸውም። በሚቀጥለው ዙር አንዱ አንገት ጨመረበት፣ አንዷ ደረት። አንዱ ግራውን በቀኝ አደረገ። ላርመው አፌ ተከፈተ፤ ነጠላዬን ነከስኩ። ሲመለስበት ራሱ አስተካከለው።

ሲወጡ ሂዊን ጠራኋት።

«ማን አስተማረሽ?»

«ምኑን?»

«ሂጂ» አልኳት።

ነጠላዬ ጫፉ ተበልቷል። ግድ የለም።

መጋቢት 17፣ ረቡዕ

ቀረጽን። ስልኩን የያዘው አንተነህ መሐል ላይ ጠጋ ብሎ፦

«ቲቸር፣ እርስዎ እኮ አይታዩም።»

«ልጆቹ ይታያሉ?»

«ይታያሉ።»

«በል ቅረጽ።»

እንደገና ብወድቅም ይህን አልለውጠውም። ይህን ልጽፈው ፈለግኩ፤ ውጤቱ ሳይመጣ።

መጋቢት 19፣ ዓርብ

ኢንተርኔት ከትናንት ጀምሮ የለም። ነገ የመጨረሻው ቀን ነው። አንተነህ ለስብሰባ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል፤ መንገድ ላይ ኔትወርክ ካገኘ ይልካል። ካላገኘስ? አልጠየቅኩትም። እሱም ኮቱን ቆለፈና ሄደ።

መጋቢት 20፣ ቅዳሜ

ደወለ።

«ቲቸር፣ ሉማሜ ሻይ ስንጠጣ ሞከርኩት፤ እምቢ አለኝ። አሁን ደጀን ነን። ሄዷል።»

«ስሜን ጽፈህበታል?»

«ጽፌያለሁ።»

«ሙሉ ስም?»

«እስከ አያትዎ፣ ቲቸር።»

ጥሩ ልጅ ነው። ማባዛትም ጎበዝ ነበር።

ሚያዝያ 16፣ ሐሙስ

አለፍኩ።

ሌላ ነገር ልጽፍ አልፈለግኩም ነበር። ግን የትሕትና ቃል እንዳይጠፋብኝ፦ «እናቴ፣ ይኼኛውን ድምፁን ከፍ አድርጌ አየሁት። ትንፋሻቸው ይሰማል። ለሌሎቹ ተማሪዎች ላሳያቸው ይፈቅዱልኛል?»

ፈቀድኩ። የልጆቹ ወላጆች እሺ ካሉ ነው፣ እርግጥ።

«አንድ አስተያየት አለኝ» አለች ቀጥላ።

«ንገሪኝ።»

«እርስዎ ሲወዛወዙ ሳላይዎት ነው ያለፉት።»

«መመሪያው አይጠይቅም።»

«አይጠይቅም። የምጠይቀው እኔ ነኝ።»

ይህች ልጅ ማንን ትመስላለች? እኔ በዚህ ዕድሜዬ፣ በልጆች ፊት… በወጣትነቴ እንኳ ሰርግ ላይ ከሴቶቹ ጀርባ ቆሜ ሳጨበጭብ ነው የኖርኩት። የማጨበጭበው ግን ልክ ነበር።

ሚያዝያ 20፣ ሰኞ

የክፍለ ጊዜ ሰሌዳው ተለጥፏል። ማክሰኞ፣ ሦስተኛ ክፍለ ጊዜ፣ አምስተኛ ክፍል፣ ውዝዋዜ፣ መምህርት የብርጓል። ቆሜ አነበብኩት። አንድ አስተማሪ አልፎ ሄደ፣ ተመልሶም መጣ፤ እኔ እዚያው ነበርኩ።

የሂዊ እናት መንገድ ላይ አስቆመችኝ። ልትወቅሰኝ መስሎኝ ነበር። «ወንድሞቿን በሙሉ ዙሪያዋን ታስቀምጣለች፣ እትዬ። ትናንት አባቷንም አስቀመጠችው። እሱ ትከሻ የለውም ብዬ ነበር እኮ።» ሳቅን፤ መንገድ መሐል፣ ባጃጁ ጥሩንባ እየነፋብን።

እኮራለሁ። በልጆቹም በራሴም፤ አልደብቀውም። ከቤቴ እስከ ትምህርት ቤቱ ስሄድ ዛሬ ትከሻዬ ላይ አንድ ነገር ነበር። ማንም አላየም… አይ፣ ያየም ካለ ይይ።

ነገ፣ ከሁሉ በፊት፦

ወንበሮቹን ግድግዳ ዳር ማስጠጋት።

ፋሲካ አልፏል፤ ከበሮውን መሐል ማስቀመጥ፣ ማን እንደሚመታው ለእነሱ መተው።

ጫማዬን ማውለቅ።

ከክቡ ውስጥ ቦታ የሚለቅልኝ ልጅ ፈልጎ መቀመጥ።

ከጎኔ ያለው ሲልክልኝ… መቀበል።