አንዴ የተባለ ቅኔ

ለተከበሩ ታላቅ ወንድሜ፣ ኮን

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎ ማኅሌት ለመቆም ይታዘዝልዎታል? የጉባኤ ቤት ተማሪዎችስ ደህና ናቸው? በዚህ ብርድ የሰጠሁዎትን ጋቢ ለአንዱ ተማሪ አልብሰው እርስዎ እየተንቀጠቀጡ እንደሚያስተምሩ አውቃለሁ። እኔ መድኃኔ ዓለም ይመስገን ደህና ነኝ። ወገቤን ያመኛል፤ ምላሴን ግን አሞኝ አያውቅም፤ ስለዚህ ዛሬ ትንሽ ልቆጣዎት ነው። ታናሽ ታላቁን አይቆጣም ካሉ፣ ይህን አጥፈው ያስቀምጡትና ሲበርድልዎት ያንብቡት።

ነገሩ ስለዚያች ስለ ስዊድኗ ሴትዮ ነው።

አስጎብኚው አዳም ወደ እኔ አልጋ ቤት ሲያመጣት፣ በአገሯ ስመ ጥር ተጫዋች ናት አለኝ። እኔ ኳስ መስሎኝ! ፀጉሯ ነጭ፣ ደረጃዬን ስትወጣ የምታቃስት፤ ይህቺ ናት የምትጫወተው ብዬ በሳቅ ልሞት። ፒያኖ ነው ሲለኝ አፈርኩ። ስሟ ሊስቤት ነው፤ እኔ ሊሱ እላታለሁ። አባቷ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ኦርጋን ይመታ ነበርና እግሯ ወለል ሳይነካ ከጎኑ ተቀምጣ ለመደች። ከዚያ በኋላ በትልልቅ አዳራሽ የሞቱ ሰዎችን ድርሰት ስትጫወት ዕድሜዋ ሄደ። ዘግይታ የራሷን መድረስ ጀመረች፣ ሰውም ወደደላት። አንዲት ልጇ ከሞተች ወዲህ ግን፣ ይኸው ስድስት ዓመቷ፣ አንድም ነገር ወጥቶላት አያውቅም።

የኅዳር ጽዮን ለት ቤተ ማርያም መጥተው መወድስ ቅኔዎን ሲቀኙ፣ ሊሱ በሴቶቹ በኩል ከእኔ ጎን ቆማ ነበር። ግዕዝ አታውቅ፣ እኔም አላውቅ፤ ሁለታችንም ደንቆሮ። እርስዎ ሲጨርሱ ክንዴን ያዘችና፣ እኚህ ሰው የሚያለቅሱት ማንን ነው ብላ በአዳም አስጠየቀችኝ። ኧረ ለእመቤታችን የቀረበ ምስጋና ነው አልኳት። ምን ልበላት? አልተቀበለችኝም። ይህን ድምፅ አውቀዋለሁ አለች።

ከማግስቱ ጀምራ የእርስዎን ዜማ ይዛ መጻፍ ሆነ ሥራዋ። ቀኝ እጇ ላይ ሁለት ጣቷ አይታዘዝላትም፤ እርሳሱን በጡጫ ይዛ ትጽፋለች። ሽሮዬ ፊቷ ይቀዘቅዛል። መጣልኝ፣ መጣልኝ እያለች ታቅፈኛለች። ወንድም ጋሼ፣ እንደዚያ ደስ ያለው ሰው ካየሁ ቆይቻለሁ።

ሳላስፈቅድ አልወስድም ብላ ነው እኮ በጋሸና ዞራ ኮን ድረስ የመጣችው! እርስዎ ደግሞ አረፍ በይ እንኳ ሳይሏት፣ ቅኔ አይደገምም ብለው መለሷት። እኔም የአባታችን ልጅ ነኝ፣ ሥርዓቱ አይጠፋኝም። ቅኔ በዕለቱ ይዘረፋል፣ ለእግዜር ይሰጣል፣ አለቀ። ይህን ሳስረዳት ያ ጉደኛ አዳም መዝረፉን የወንበዴ ዝርፊያ አድርጎ ተርጉሞላት ኖሮ፣ ታዲያ እሳቸው ራሳቸው ዘርፈው ካመጡት እኔን ለምን ይከለክሉኛል ብላ አፈጠጠችብን! በሳቅ ፈረስን። ነገሩ ሲገባት ግን፣ ዕድሜ ልኬን የተጨበጨበልኝ በመድገም ነው አለች።

በነጋታው አዳም ከሠርግ ዘፋኞቹ ኪቦርድ ተውሶ መጣ። ሊሱ የምግብ ቤቱን በር ዘጋች። የመታችውን እንዴት አድርጌ እንደምነግርዎት አላውቅም። በግራ እጇ የእርስዎን ዜማ በቀስታ ይዛ ስትሄድ፣ በቀኟ ደግሞ አንድ ሌላ ድምፅ፣ ልጅ ከውጭ ሆኖ የሚጣራ የሚመስል፣ እየመጣ ይመለሳል። አለቀስኩ። አዳምም ዞሮ መስኮቱን ያያል። ስትጨርስ ወረቀቶቿን ሰበሰበችና ምድጃ ውስጥ ጨመረቻቸው። እኔ ነኝ የጮህኩት። እሷ እጄን ይዛ፣ ለወንድምሽ አንዴ ብቻ ነው ያልኩት በይልኝ አለችኝ። አውሮፕላኗ በማግስቱ ነበር። ዳግመኛ ዜማ የምትደርስም አይመስለኝም።

አሁን ቁጣዬን ይስሙ። እውነት የሥርዓት ነገር ብቻ ነው? የልጅዎ የኪዳን መርዶ ከተነገረ ወዲህ እርስዎ ዘንድ ስሙ ተጠርቶ አያውቅም። ለቀስተኛው ግቢውን ሞልቶ ሳለ እርስዎ ጉባኤ አላጥፍም ብለው ሲያስተምሩ ዋሉ። ሰው ጽናታቸው ድንቅ ነው አለ። እኔ ግን ከእርስዎ ጋር ከአንድ ማሕፀን ነው የወጣሁት፣ አያታልሉኝም። ያ መወድስ ለማን እንደነበር አልጠይቅዎትም።

ሌላም ነገር አለ። ዜማው ከአፌ አልወጣ ብሎኛል። ብርጭቆ ሳጥብ አንጎራጉረዋለሁ፣ ሽንኩርት ስከትፍ አንጎራጉረዋለሁ። ትናንት ምራትዎ ይማርሽ ከፍላቂት ከወላጆቿ ቤት ወደ እኔ ተመልሳ ጓዳ ገባችና ሰማችኝ። ምንድን ነው ስትለኝ፣ የአማትሽ ቅኔ ነው አልኳት። ሌላ አንድ ቃል አልጨመርኩም። የያዘችውን ሳህን አስቀምጣ መሬት ላይ ቁጭ አለችና፣ ኪዳኔ ብላ ጮኸች። መርዶው ከመጣ ጀምሮ ስሙን ስትጠራ የሰማሁት ገና ያኔ ነው። እስኪወጣላት አለቀሰች፤ ከዚያ እህል ቀመሰች።

ይህ መድገም ከሆነ ጥፋቱ የእኔ ነው። ቄስም ነዎትና እግዜር ይፍታሽ ይበሉኝ። ይማርሽ ግን ዛሬም ጓዳ ተቀምጣ፣ እንደገና በይልኝ ትለኛለች።

እመቤታችን ጉልበትዎን ታጽና፣ ጉባኤዎን ታስፋልዎ። እንባ ላልወጣለትም እንባ ትስጥ፤ አሜን ይበሉ።

የምትቆጣዎት የምትሳሳልዎት
ታናሽ እህትዎ