በዘውድ በዓል ስለታጨደው ሣርና ስላልታጨደው ገብስ

ዋንዛ በር፣ ኅዳር ፰ ቀን ፲፱፻፷፬ ዓ.ም.

ለክቡር ግራዝማች ሣህለ ማርያም
የዋንዛ በር የበዓል ቀን በጎ ፈቃድ ሥራ ኮሚቴ ሊቀ መንበር

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የክቡርነትዎን ጤና እጠይቃለሁ፤ በዘውዱ በዓል ዕለት ከጧት እስከ ዘጠኝ ሰዓት በድንኳን ጥላ ሥር ተቀምጠው ሌላው ሲሠራ የመመልከቱ ድካም ወገብዎን እንዳልጎዳው ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ወልደ ኪዳን፣ ከብቸና ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከእህል ገበያው አጠገብ ተቀምጬ ለሕዝቡ ማመልከቻ የምጽፈው፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። እስከ ዛሬ የጻፍኩት ሁሉ የሰው ጉዳይ ነበር። የራሴን ስጽፍ ይህ የመጀመሪያዬ ስለሆነ፣ ጉድለት ቢገኝበት ክቡርነትዎ ለራስዎ ስሕተት የማይነፍጉትን ይቅርታ ለእኔም እንዲለግሱኝ እለምናለሁ።

ደብዳቤውን በፖስታ ሳላሽግ በእህል ሚዛኑ ቤት ግድግዳ ላይ የለጠፍኩት፣ ለክቡርነትዎ የሚገባው ምስጋና በአንድ መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎ እንዳይቀር ሰግቼ ነው። ማንበብ ለማይችለው ገበያተኛ ደግሞ ዲያቆን ገብረ ኪዳን ቅዳሜ ቅዳሜ እየቆመ ሊያነብለት ቃል ገብቷል።

ነገሩን የማያውቅ መንገደኛ ቢኖር በአጭሩ ላስረዳ። ጥቅምት ሃያ ሦስት የዘውድ በዓል ብቻ ሳይሆን የጊዮርጊስም ዕለት ነው፤ በዚያ ቀን ያገራችን ገበሬ በራሱ ማሳ ላይ ሥራ አይነካም። አባቶቻችን ግን ለመበለትና ለድኩም ማጨድ በዓል መሻር አይደለም ብለው ስለፈቀዱ፣ የጊዮርጊስ ማኅበርተኞች በየዓመቱ በዚያ ዕለት ከቅዳሴ በኋላ ማጭዳቸውን ይዘው ወርደው፣ ከአራት ዓመት በፊት ባሏ የሞተባትን የወይዘሮ ሀብትነሽን ገብስ ያጭዱላት ነበር። ወይዘሮ ሀብትነሽ ሁለት ትንንሽ ሴቶች ልጆችና አንድ ማሳ አላት፤ ቀኝ እጇ ከታመመች ወዲህ አይታዘዛትም። ማኅበርተኞቹን ማንም አላዘዛቸውም፣ ኮሚቴም አልነበራቸውም፤ ጥፋታቸው ይኸው ሳይሆን አይቀርም።

፩ኛ/ በመጀመሪያ የማመሰግነው ስለ አዋጁ ነው። በክቡርነትዎ ትእዛዝ በገበያ መካከል የተነገረው ቃል፣ በበዓሉ ቀን ለወገኑ በነጻ ለመሥራት የፈቀደ ሁሉ ማጭዱን ይዞ በጧት እንዲወጣ፣ ሳይፈቅድ የቀረ ግን በጭቃ ሹሙ እንዲጠየቅ ያዛል። እስከዚያ ቀን ድረስ ፈቃድንና ግዴታን ለያይቶ ያውቅ የነበረው ሕዝባችን በዚህ ብዙ ትምህርት አግኝቷል።

፪ኛ/ ማኅበርተኞቹ አዋጁን ሲሰሙ እጅግ ተደሰቱ። ዕለቱ ጊዮርጊስ፣ መሣሪያው ማጭድ፣ ሥራው ለወገን ሲባሉ፣ መንግሥት የሀብትነሽን ገብስ አወቀላት እንጂ ሌላ ነገር በልባቸው አልመጣም። ስለዚህ ሰባ ስድስት ሰዎች ማንም ሳይጎትታቸው ወጡ። የማኅበሩ መሪ፣ ሙሴው አቶ አምባቸው፣ ዕድሜያቸው ከሰባ ያለፈ ሽማግሌ፣ ከሰልፉ ወጥተው ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ «ጌታዬ፣ ገብሱ ወደ ታች ነው፤ እኛን ወደ ላይ አሰለፉን» ማለታቸውን ክቡርነትዎ ያስታውሳሉ። ያን ጊዜ በኮሚቴው ጽሕፈት ቤት ደጃፍ የበቀለውን ሣር በከዘራዎ ጠቆሟቸው። ሽማግሌው ሣሩን አዩ፣ ክቡርነትዎንም አዩ፣ ከዚያም ጎንበስ ብለው ማጨድ ጀመሩ።

፫ኛ/ ሣሩ ከጧቱ በአራት ሰዓት አለቀ። አቶ አምባቸው ሰዉ ወደ ማሳው እንዲለቀቅ፣ ሰማዩም እየከበደ መሆኑን ጠቅሰው ለመኑ። ክቡርነትዎም፣ ከሞጣ የሚመጡት እንግዳ ሕዝቡን በሥራ ላይ ማግኘት እንዳለባቸው፣ ገብስ ደግሞ የትም እንደማይሄድ አስረድተው፣ ሕዝቡ የመንገዱን ዳር ድንጋይ ኖራ እንዲቀባ አዘዙ። ኖራውም አለቀ። ከዚያ በኋላ ሰባ ስድስት ሰው ማጭዱን እንደያዘ ቆሞ መጠበቅ ሆነ ሥራው። እንግዳው በዘጠኝ ሰዓት ደረሱ፤ ከመኪናቸው ወርደው፣ የሰው ማጭድ ተቀብለው፣ በጧት የታጨደው ሣር ላይ ጎንበስ ብለው ፎቶግራፍ ተነሡ። ፎቶግራፍ አንሺው ብርሃኑ አልተመቸኝም ስላለ ሁለተኛ ጎንበስ አሉ። ለአንድ ባለሥልጣን በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ ማጎንበስ ቀላል አይደለምና ዋጋቸውን እግዚአብሔር ይክፈላቸው።

ሕዝቡ አሥር ሰዓት ሊሆን ሲል ተለቀቀ። ሽማግሌ ሳይቀር እየሮጠ ወደ ማሳው ወረደ። ጥቂት ትልም እንዳጨዱ በረዶው ጀመረ። ገብሱ ደርቆ ማጭድ ይጠብቅ ስለነበር ለመርገፍ ጊዜ አልፈጀበትም። ክቡርነትዎ በዚያ ሰዓት እንግዳውን ግብር ላይ አስቀምጠው ነበርና ላያዩ ይችላሉ፤ እኔ ግን አየሁ። ሀብትነሽ በግራ እጇ ፍሬውን ከጭቃው እየለቀመች በቀሚሷ ትይዝ ነበር፤ ልጆቿም አብረዋት ይለቅሙ ነበር። ሰዉ ማጭዱን ጥሎ አብሮ ለቀመ፤ የተገኘው ግን ለሳምንት የሚበቃ አልሆነም።

፬ኛ/ ይህኛው አቤቱታ በራሴ ላይ ነው። የሰባ ስድስቱን ፈቃደኞች ስም በጥሩ ቀለም አሳምሬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ማጭድ ይዘው ወዴት ሊሄዱ እንዳሰቡ፣ የሚታዘዙት ግን የደጃፉን ሣር እንደሆነ እያወቅሁ፣ ክቡርነትዎ የእጅ ጽሕፈቴን ስላደነቁልኝ ደስ ብሎኝ ዝም አልኩ። አሁን ይህን ስጽፍ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ቢባልብኝ የሚገባኝ ነው። አፍሬአለሁ፤ ክቡርነትዎ ማፈር ከፈለጉ ቦታ እለቅልዎታለሁ።

፭ኛ/ ጭቃ ሹሙ ባለፈው ማክሰኞ ለወይዘሮ ሀብትነሽ መጥሪያ አድርሰውላታል። በዘውዱ በዓል በበጎ ፈቃድ ሥራው ላይ ያልተገኘችበትን ምክንያት ቀርባ እንድታስረዳ ይላል። ማንበብ ስለማትችል ወደ እኔ አመጣችው፤ ሁለት ጊዜ አስነበበችኝ። መልስ ልጻፍልሽ ብላት፣ «ማሳዬ ላይ ሆኜ እየጠበቅኋቸው ነበር በሉልኝ» አለችኝ። ቃሏን ሳልጨምርና ሳልቀንስ ይኸው አድርሻለሁ።

እንግዲህ የምለምነው ብዙ አይደለም። ኅዳር ሃያ ሦስት ደግሞ ጊዮርጊስ ነው። ማኅበርተኞቹ በዚያ ቀን እያንዳንዳቸው ከደረሰላቸው እህል ትንሽ ትንሽ አውጥተው የሀብትነሽን ጎተራ ሊሞሉላት ተስማምተዋል። ክቡርነትዎ በዚያን ዕለት እንዳያግዙን፣ ኮሚቴውም ዕረፍት እንዲያደርግ በታላቅ ትሕትና አሳስባለሁ።

የደጅዎ ሣር እንደታጨደ፣ የመንገድዎ ድንጋይ እንደነጣ እንዲኖር እየተመኘሁ፣ ፎቶግራፍ አንሺ በሌለበት ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

ታዛዥዎ
ወልደ ኪዳን
የዋንዛ በር ማመልከቻ ጸሐፊ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ኮሚቴው ለበላይ የላከው ሪፖርት በመጨረሻው መስመር ላይ «በዋንዛ በር ረዳት የሚሻ ችግረኛ አልተገኘም» እንደሚል ሰምቼ፣ እንዲታረም ልጠይቅ አስቤ ነበር። ነገር ግን ወይዘሮ ሀብትነሽ ጊዮርጊስን ሳትጠብቅ፣ ዛሬ ጧት ቤቷን ዘግታ፣ ልጆቿን ይዛ ብቸና ወንድሟ ቤት ልትጠጋ ሄዳለች። ስለዚህ ሪፖርቱ ከዛሬ ጀምሮ ትክክል ሆኗልና እርማት አያስፈልገውም።