በግራ እጅ የተጠለፈው የአትሮንስ ልብስ

እማዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ ብዬ ልጀምር አልኩና እጄ ተሳሰረ። አንቺ ባለሽበት አገር ሰላምታ እንዴት እንደሚባል አላውቅም። ስለዚህ እንደ ድሮው ከሥራ ስመለስ በር ላይ ሆኜ እንደምጠራሽ ልጥራሽ፤ እማዬ፣ መጣሁ። ከተለየሽን አንድ ዓመት ከስምንት ወር ሆነ። እስከ ዛሬ ያልጻፍኩልሽ ረስቼሽ አይደለም። የጀመርኩት ነገር ነበረኝ፣ እሱ ሳያልቅ ምን ብዬ ልጻፍልሽ? ባለፈው ሳምንት አለቀ።

የቤቱን ወሬ ላስቀድም፤ እሱን ሳትሰሚ ሌላ እንደማይገባሽ አውቃለሁ። አባዬ ደህና ነው። እኔ ጋ ገብቷል። ጠዋት ጠዋት ጋቢውን ደርቦ ፀሐይ የሚያገኘውን ግድግዳ ተደግፎ ይቀመጣል፣ አላፊ አግዳሚውን ሁሉ ያስቆማል። የቤትሽ ቆርቆሮ ተቀይሯል፤ ክረምት በገባ ቁጥር ባልዲ መደርደር ቀረ። ከጮቄ ተራራ የሚወርደው ብርድ ግን እንዳለ ነው። ትልቁ ልጄ በቁመት አልፎኛል። አንቺ ስትሄጂ ስሟን እንኳ አጥርታ መጥራት የማትችለው ቤዛ ዘንድሮ መዋዕለ ሕፃናት ገባች። እርሳስ የምትይዘው በግራዋ ነው፣ ልክ እንዳንቺ። አስተማሪዋ ወደ ቀኝ እየቀየረች እንደምታስለቅሳት ስሰማ ከቢሮ አስፈቅጄ ሄድኩ። እዚያ የተናገርኩትን እዚህ አልጽፈውም፤ ብቻ ከዚያ ወዲህ የልጄን እጅ የነካ የለም።

እጅሽን ሳስብ ሁልጊዜ የሚመጣብኝ ከጓዳው በር ጀርባ የምትሰቅያት ፌስታል ናት። ጨርቅሽ፣ ክርሽና መርፌሽ እዚያ ውስጥ ነበሩ። ስድስተኛ ክፍል ሳለሽ በእጅ ሥራ ክፍለ ጊዜ የተማርሽውን ክሮስ፣ ያንን አንዱን ክር አጋድመሽ ሌላውን በላዩ የምታሳልፊበትን ጥልፍ፣ ዕድሜሽን ሙሉ አልተውሽውም። አምስት ልጅ አሳድገሽ፣ ላም አልበሽ፣ የአባዬን እንግዳ ሁሉ አስተናግደሽ፣ ሽሮው እስኪንተከተክ ድረስ የምትተርፍሽን ሩብ ሰዓት ይዘሽ ቁጭ ትያለሽ። ትንሽ ልተንፍስ ትያለሽ። የጨርቁን ቀዳዳ በሹክሹክታ ስትቆጥሪ አንዳችን ከጠራንሽ ጣትሽን ታነሺብናለሽ፤ ቆጥረሽ እስክትጨርሺ ቤቱ ቢቃጠልም አትነሺም። ፊትሽ የራስሽ የሚሆነው ያን ጊዜ ብቻ ነበር። በቀረው ሰዓት ሁሉ የእኛ ነበር።

ስትበይ በቀኝሽ ነው፣ ስትፈትዪ በቀኝሽ ነው፤ በልጅነትሽ ተገርፈሽ ለምደሻል። መርፌ ስታነሺ ግን ማንም ሳያዘው ግራሽ ይዘረጋ ነበር።

አሁን ወደ አባዬ እህት ልምጣ። በአካል ሳገኛት እትዬ አዛለች እላታለሁ፣ አንቱ እላታለሁ፣ ጎንበስ ብዬም እስማታለሁ። እዚህ ወረቀት ላይ ግን እኔና አንቺ ብቻ ስለሆንን አንቱታውን አንሥቼባታለሁ። ስንት ዓመት ነው ጥልፍሽን የሥራ ፈት ሥራ ነው ስትል የኖረችው? እንግዳ ፊት ሳይቀር፣ የወንድሜ ሚስት ቀዳዳ ስትቆጥር ወጡ ያርራል እያለች ታስቅብሽ ነበር። አንቺም አብረሽ ትስቂ ነበር፣ ያ ነው የሚያናድደኝ።

ቤዛን ሳረግዝ ሐኪሞቹ ተስፋ ሲያስቆርጡን ለደብራችን የአትሮንስ ልብስ ልትጠልፊ ተሳልሽ። ወንጌል የሚነበብበት አትሮንስ የሚለብሰው፣ ነጭ ጨርቅ፣ መሐሉ ላይ መስቀል፣ ዙሪያውን ቀይና አረንጓዴ ሐረግ። እኔም ዳንኩ፣ ልጅቱም ተወለደች፣ አንቺም ከሁለት ዓመት በላይ በሩብ ሰዓት በሩብ ሰዓት ጠልፈሽ ጨረስሽው። እንደዚያ ያለ ሥራ በከተማው አልነበረም። ይህን የምለው ልጅሽ ስለሆንኩ አይደለም።

አዛለችም መጣች። ጨርቁን ገለባብጣ አየችው፣ ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ በግራ እጅ የተሠራ ነገር ቤተ መቅደስ አይገባም፣ ነውር ነው፣ ስለቱም አይቆጠርልሽም አለችሽ። በእኔ ስም ላግባልሽና በረከቱ ለአንቺ ይሁን አለች። አንቺም አመንሻት፤ በልጅነትሽ የተገረፈው እጅሽ አመናት። በንግሡ ዕለት ቄሰ ገበዙ ጨርቁን ከፍ አድርገው ወይዘሮ አዛለችን መረቁ፣ ሴቱ እልል አለ፣ አንቺ ከአጠገቤ ቆመሽ ግራ እጅሽን ነጠላሽ ውስጥ ስትደብቂ አየሁሽ። ወደ ቤት ስንመለስ ስጠይቅሽ ሁሉንም ነገርሽኝ፣ ትንፍሽ እንዳልል ደግሞ አስማልሽኝ። ለእግዚአብሔር የሰጠሁትን ሰው ባያውቀው ምን ይጎድልብኛል አልሽ። ከንግሡ በአራተኛ ወርሽ ሄድሽ።

በአርባሽ ማግስት ቄሰ ገበዙን ለብቻቸው አግኝቼ፣ የማንንም ስም ሳላነሣ፣ በግራ እጅ የተሠራ ለቤተ ክርስቲያን አይሆንም ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። መጀመሪያ ሳቁ። ፊቴን ሲያዩ ግን ሳቃቸውን ዋጡት። ዲማ የአብነት ትምህርት ሲማሩ በግራ እጁ የሚጽፍ ጓደኛ እንደነበራቸው፣ የእሱ ጽሕፈት እስከ ዛሬ በቅዳሴ እንደሚነበብ ነገሩኝ። ማነው እንዲህ ያለሽ አሉኝ፤ እንዲሁ ሲባል ሰምቼ ነው ብዬ ወጣሁ። አጥሩ ጥግ ሄጄ ግንብ ተደግፌ ቆምኩ። ስትሞቺ እንኳ እንደዚያ አላለቀስኩም። እጅሽ ርኩስ ነው ብለሽ አምነሽ ነው የሄድሽው፤ ይህን ማን ይመልስልኛል? ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል። አውቃለሁ። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ቂሜንም ጸሎቴንም ይዤ ነው የምሳለመው።

ምን እንደማደርጋት አላውቅም ነበር። መንገዱን ያበጁልኝ ሳያውቁ ቄሰ ገበዙ ራሳቸው ናቸው። በሚቀጥለው ዓመት ንግሥ፣ ሰው ሁሉ ባለበት፣ ወይዘሮ አዛለች ለሁለተኛው አትሮንስም የዚህኑ መንታ ይጥለፉልን አሉ። ሴቱ ሁሉ ዞሮ አያት። ምን ትበል? እሺ አለች። መርፌ ይዛ የማታውቅ ሴት! ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ ሳቅኩ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ሁለት ሳምንት አልቆየችም። ቅዳሜ ከሰዓት እግሯ የታሰረ ዶሮ አንጠልጥላ መጣች። ዓይኗ እንደደከመ፣ እኔ ደግሞ የእናቴን ሙያ እንደማውቅ፣ ደም ከውሃ እንደሚወፍር ስትናገር ዶሮዋ እግሯ ሥር ትንፈራገጣለች። ጠልፌ እንድሰጣት ነበር የፈለገችው። እኔ ጠልፌ አልሰጥም፣ ላስተምርዎ ግን እችላለሁ አልኳት። መርፌውን ስሰጣት ቀኟን ዘረጋች። በግራዎ ነው እንጂ እትዬ አልኳት፤ በቀኝ ከተጠለፈ የላይኛው ክር ወደ ሌላ ወገን ያዘነብላል፣ ሁለቱ ጎን ለጎን ሲሆኑ ይታወቅብዎታል።

ውሸት ነበር፣ እማዬ። አንቺ ፊት ለፊትሽ አስቀምጠሽ በቀኜ አስተምረሽኝ የለ? ከሌላኛው ጥግ ከተጀመረ የቀኝ እጅም ልክ እንዳንቺ ያዘነብላል። ዋሽቼ አፏን አፏን አየሁ። በግራማ ነውር ነው፣ ቤተ መቅደስ አይገባም ትል እንደሆን ጠበቅኩ። ያን ብትል፣ እምላለሁ፣ የምታምንበትን ነው ለእናቴም የነገረቻት ብዬ እተዋት ነበር። እሷ ግን፣ ወይ ጣጣዬ፣ በግራ ደግሞ እንዴት ይሆንልኛል ብላ መርፌውን ወደ ግራዋ አዛወረች። ሌላ ቃል አልወጣትም። ለአንቺ የነገረችሽን አንድ ቀን እንኳ አምናበት እንደማታውቅ ያን ጊዜ ገባኝ።

ከዚያ በኋላ ዓመት ሊሞላ ትንሽ እስኪቀረው ቅዳሜ ቅዳሜ ከቤቴ አልቀረችም። ቤቴን ታውቂው የለ፤ ልብስ ይታጠባል፣ አንዱ የቤት ሥራ አስረጂኝ ይላል፣ አንዱ ኳስ ግድግዳ ላይ ይለጋል፣ ቤዛ የክሩን ጥቅል ይዛ ትሮጣለች። በዚያ መሐል እኔ የራሴን የትራስ ልብስ ይዤ፣ እሷ አትሮንሷን ይዛ ፊት ለፊት እንቀመጣለን። እኔ ትንሽ እተነፍሳለሁ። እሷን ላብ ያጠምቃታል። መርፌው ጣቷን ይወጋል፣ ክሩ ይቋጠራል፣ ቆጠራው ይጠፋባታል። አንድ ቀዳዳ ከዘለለች ይፍቱት እላታለሁ። ትፈታለች። እንደገና ትስታለች። ይፍቱት። ድምፄን አንድ ቀን ከፍ አላደረግኩም፤ ሻይም በየሰዓቱ አቀርብላት ነበር። ደስ ይለኝ ነበር፣ አልዋሽሽም። ቅዳሜ እስኪደርስ ቀን እቆጥር ነበር።

አንድ ቅዳሜ ቀደም ብላ መጣች። ሳልነግራት ቁጭ ብላ ጀመረች፣ ለብዙ ሰዓትም ቀና አላለችም። ከዚያ፣ ለካስ ሥራውስ ደስ ይላል፣ ሐሳብ ያስረሳል አለችኝ። ፊቷ ላይ ያንቺን ፊት አየሁት። ያቺን ሩብ ሰዓትሽን ደግሞ ልትወስድብሽ! ደሜ ፈላ። ጨርቁን ተቀብዬ አየሁና አራት መስመር ሙሉ አስፈታኋት። ጥፋት አልነበረውም።

በንግሡ ዋዜማ ከሰዓት በኋላ የመጨረሻውን ክር በጥርሷ በጥሳ ጨርቁን ጉልበቷ ላይ ዘረጋችው። ጥሩ ነበር። ያንቺን አያህልም፣ ግን ጥሩ ነበር። በደስታ ዓይኗ እንባ ሞላ። እኔም ቁራጭ ጨርቅ አነሣሁና በቀኝ እጄ፣ ከሌላኛው ጥግ ጀምሬ፣ አንድ መስመር ጠልፌ አጠገቡ አስቀመጥኩላት። ማዘንበሉ አንድ ነው። አየችው። የኔን ቀኝ እጅ አየች፣ ጣቷን አየች። ሞኝ አይደለችም፣ ገባት። ለምን አለችኝ። እናቴም እርስዎን አምና ነው አልኳት። ነገ የመጀመሪያው የማን እንደሆነ ይናገራሉ፣ ካልተናገሩ እኔ እናገራለሁ ብዬ በሩን ከፈትኩላት።

ሌላ ሰው ቢሆን ሌሊቱን ይጸጸት ነበር። እኔ እንደ ሕፃን ተኛሁ።

በማግስቱ ሁለቱ ልብሶች ጎን ለጎን ተዘርግተው ቄሰ ገበዙ ምርቃት ሊጀምሩ ሲሉ ወደ ፊት ወጣች። ነጠላዋን ደጋግማ ስታስተካክል ስትቆይብኝ እኔም አንድ እርምጃ ተራመድኩ። በመጨረሻ ተናገረች። የመጀመሪያው የወንድሜ ሚስት ሥራ ነው፣ በግራ እጅ የተሠራ አይገባም ብዬ አታልዬ ስሟን ወሰድኩባት አለች። ድምጿ ተቆራረጠ፣ ግን ሁሉም ሰማ። ቄሰ ገበዙ ወደ እኔ ዞረው የክርስትና ስምሽን ጠየቁኝ። ወለተ ሥላሴ አልኩ፣ ጮኬ ነው ያልኩት፣ ግቢው ውስጥ ያሉት እስኪሰሙ። ስምሽን ጠርተው ጸሎት አደረሱልሽ። ሴቱ እልል አለ። ላንቺ ነው፣ እማዬ። ከአባዬ በቀር የቆመ ሁሉ እልል ብሏል፤ እሱ አቀርቅሮ ያለቅስ ነበር።

ስንወጣ አዛለችን አብሯት የሄደ ሰው አልነበረም። ዳገቱን ብቻዋን ስትወርድ እስክትሰወር አየኋት። ልቤ ትንሽ እንኳ አልራራም። ይራራ ይሆን ብዬ ቆሜ ጠብቄው ነበር።

ከትናንት ወዲያ ሰው ላከችብኝ። ለቤቷ የጀመረችው ጥልፍ አለ መሰለኝ፣ ቀይ ክር አልቆባታል፣ ከዚያው ክር ትላክልኝ ብላ። መሳቢያዬ ሙሉ ነው። የለም በላት ብዬ መለስኩት። ቄሰ ገበዙም ቤት ድረስ መጥተው፣ አመነች፣ ተዋረደችም፣ አሁን ይቅር በያት አሉኝ። እሺ አባቴ አልኳቸው። መቼ እንደሆነ አልጠየቁኝም፣ እኔም አልነገርኳቸውም።

እማዬ፣ በየዓመቱ በንግሡ ዕለት ቤዛን በግራ እጇ ይዤ ያንቺ ልብስ ፊት አቆማታለሁ፣ የማን እጅ እንደሠራው ትናገራለች። ይህ ቃሌ ነው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይላሉ። አንቺ ግን፣ ልብሽን አውቀዋለሁ፣ ያኔ ገና ወደ ቤት ስንመለስ መንገድ ላይ ረስተሽላት ይሆናል። ግድ የለሽም፣ እርሺላት። እኔ ስለ ሁለታችን አስታውሳለሁ።

ልጅሽ፣
ብርቱካን