ከሚኒባሱ ፊት የቆመችው

ብዕሩን የያዘችው ሐዳሳ ናት፤ ጋራዡ ሥራ እንዳስተምራት የመደበልኝ ልጅ። ቃሉ ግን የእኔ የአባትህ የኩማ ነው።

አሸናፊ ልጄ፣ እግዚአብሔር በሰው አገር ይጠብቅህ። እናትህ ደህና ናት፤ ጉልበቷን ብቻ ያማታል። የመናኸሪያው መንገድ ተቆፍሮ አቧራ ጨረሰን።

እዚያ ካናዳ ሥራ እንዲያሳይህ ከመደቡልህ ሰውዬ ጋር አልስማማም ብለህ፣ ሰኞ «ለዩን» ልትል መሆኑን እህትህ ነገረችኝ። ስማኝ! እኔም ሐዳሳን አልፈልግም ብዬ ነበር። የኮሌጅ ልጅ ምን ታውቃለች ብዬ ወር ሙሉ ብሎን አሳጠብኳት።

አንድ ቀን የሚኒባስ ፍሬን ሠርቼ «ይውጣ» አልኩ። እሷ ፊቱ ተገተረች። «ጋሼ፣ የፍሬን ዘይት ቱቦው ተሰንጥቋል። እኔን ሳይገጭ አይወጣም!» አለች። በሰው ፊት ሰደብኳት፤ ንቅንቅ አላለችም። ተንበርክኬ ሳየው እውነቷን ነው። ያን ሁሉ ሰው ልፈጅ ነበር።

አሁን እኔ የሠራሁትን እሷ ሳታየው አይወጣም። እኔም የሞተር ድምፅ መለየት አስተምራታለሁ።

ኩራትህ ከእኔ ነው፤ አውቀዋለሁ። ግን ሰኞ አፍህን ያዝ፤ ሰውዬውን አንድ ወር ታገሠው፤ ያልገባህንም ፊት ለፊት ጠይቀው። እጅህ ይባረክ፣ በሰላም ግባ።

በይ ሐዳሳ፣ አንብቢልኝ። የሰደብኩሽን ዘለሽው ከሆነ አሁኑኑ ጻፊው።