የእማማ የሺወርቅ ማድ ቤት

ቡራዩ፣ ነሐሴ 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ እናቴ፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። እንዴት ከረምሽ? ጉልበትሽን ይህ የክረምት ብርድ እንዴት አደረገው? ታናሽ እህቴ ጁማና ደኅና ናት? የሱቁ ጎረቤቶችስ ሰላም ናቸው? እኔ አልሃምዱሊላህ ደኅና ነኝ። እዚህ ዝናቡ እረፍት አልሰጠንም። ጭቃው ወርክሾፑ በር ድረስ ስለመጣ ወደ ሥራ የምንገባው በተጋደመ ጣውላ ላይ እየተራመድን ነው።

ሰባት ወር ሙሉ ወደ ዓለም ገና፣ ወደ ቤትሽ አለመምጣቴን አውቃለሁ። ዐረፋን እንኳ በስልክ ብቻ ነው «ዒድ ሙባረክ» ያልኩሽ። ይህን ሁሉ በስልክ ልነግርሽ አስቤ ነበር። ግን ስልኩን ከፍታ የምትሰጥሽ ጁማና ናት፣ ድምፁም ለሱቁ በሙሉ ይሰማል። የምነግርሽ ነገር ደግሞ የሁለታችን ብቻ ነው። ስለዚህ ጻፍኩልሽ። ይረዝማል፤ ቀስ ብለሽ አንብቢው።

በሰኔ መጀመሪያ በሪሁን የሚባል ሰው ወደ ወርክሾፓችን መጣ። አዲስ አበባ ቢሮ የሚሠራ፣ ረጋ ያለ ሰው ነው። እናቱ ሱሉልታ ብቻቸውን ይኖራሉ፤ አባቱ ከሞቱ አራት ዓመት ሆኗቸዋል። የእናቱን ማድ ቤት ሊያሳድስላቸው ፈልጎ በስልኩ ሥዕሎች አሳየን። ሁሉም ነጭ፣ የሚያብረቀርቅ፣ እጀታ የሌለው፣ በጣት ገፋ ሲያደርጉት የሚከፈት ካቢኔት ነው። ላይኛው እስከ ጣሪያ ይደርሳል፣ በሩም መስታወት ነው። ሲንኩ ከነጩ ድንጋይ ሥር ተደብቆ ጠርዙ እንኳ አይታይም። ኦቦ መገርሳ ሥዕሉን አይቶ ራሱን ነቀነቀ። ኦቦ መገርሳ እንግዲህ የወርክሾፑ ባለቤት ነው፤ እኔን እንጨት ያስተማረኝ፣ «ኢንታላ ኮ» እያለ እንደ ልጁ የሚጠራኝ። «ያምራል፣ ግን የጣት አሻራ ሲጠርጉ ሊኖሩ ነው» አለ። በሪሁን ግን ቆርጧል።

በማግስቱ ልለካ በሁለት ሚኒባስ ሱሉልታ ሄድኩ። እናትየው እማማ የሺወርቅ ይባላሉ። ሠላሳ ዓመት ትምህርት ቤት ውስጥ በታይፕ ጸሐፊነት ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ ቀጥ ብለው የሚሄዱ፣ ንግግራቸው የተመረጠ ሴት ናቸው። ማድ ቤታቸው በእርግጥ አርጅቷል። ከሲንኩ ሥር ያለው ቺፑድ ውኃ ጠጥቶ እንደ ዳቦ ተነፍቷል። ቧንቧው ያንጠባጥባል።

እኔን የገረመኝ ግን ሌላ ነው። ላይኛው ካቢኔት ባዶ ነበር። በሮቹ ከማጠፊያቸው ተነቅለው ጓዳ ውስጥ ተደርድረዋል። ዕቃው ሁሉ ግድግዳውን ተጠግቶ በአንድ መስመር ቆሟል፤ በሁለት ዕቃ መካከል ያለው ክፍተት እንኳ በሜትር የተለካ ይመስላል። የጨው ቆርቆሮ ላይ አንድ ላስቲክ ታስሯል፣ የስኳሩ ላይ ሁለት። አንቺ ታውቂኛለሽ፤ ምክንያቱን ያላወቅኩት ነገር ሲያሳክከኝ ነው የሚውለው። «በሮቹን ለምን አስነቀሏቸው?» ብዬ ጠየቅኳቸው። «ክፍት ትቻቸው ግንባሬን መቱኝ» አሉና ወሬ ቀየሩ።

ከዚያ የሚፈልጉትን ነገሩኝ። ልጃቸው ካሳየን ሥዕል ጋር አንድም አይገናኝም። ሲንኩ ሁለት ጎድጓዳ ሳይሆን አንድ ሰፊና ጥልቅ እንዲሆን፣ ቧንቧው በክርን ገፋ ሲደረግ የሚከፈት እንዲሆን ፈለጉ። «ነጭ በነጭ ላይ አይሁንብኝ፣ የመደርደሪያው ጫፍ ጥቁር ይሁን፣ ትንሽም ከፍ ይበል» አሉ። መሳቢያዎቹ ደግሞ እያንዳንዳቸው የተለያየ እጀታ እንዲኖራቸው። ይህን ለኦቦ መገርሳ ስነግረው «አሮጊቷ ሐሳባቸው ተበትኗል መሰለኝ» አለ። እኔ ግን ቤቱን አይቻለሁ። በዚያ ቤት ውስጥ የተበተነ አንድ ማንኪያ እንኳ አልነበረም።

ከሳምንት በኋላ የቀለም ናሙና ይዤ ተመለስኩ። ነጭ፣ ግራጫና ቡናማ ቁራጮችን ጠረጴዛው ላይ ደረደርኩላቸው። አንድ በአንድ እያነሡ ፊቱን በጣታቸው ዳሰሱ። ወደ መስኮቱ ዘንበል አሉ። አንዱን ያዙና «ይሄ ቡናማው ጥሩ ነው፣ አይጮህም» አሉኝ።

እናቴ፣ የያዙት ነጩን ነበር።

ቁራጩን ከእጃቸው ተቀበልኩና «ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኳቸው፣ ቀስ ብዬ። የሚቆጡኝ መስሎኝ ነበር። ወንበር ስበው ተቀመጡ። ሁለት ዓመት ሆኖታል፣ የዓይን ግፊት ነው ተብለዋል። ከዳር ዳር ጀምሮ እየጠበበ መጥቶ አሁን በቧንቧ ቀዳዳ እንደማየት ነው፤ ያችም ቀዳዳ ጭጋግ አላት፣ ቀለም አትለይላቸውም። ለማንም አልተናገሩም። «በሪሁን ካወቀ አዲስ አበባ አራተኛ ፎቅ ላይ ይወስደኛል፣ ቤቱንም ያከራየዋል። ክፋት የለውም፤ ይወደኛል። ግን ይሄን ቤት እግሬ ያውቀዋል። እዚህ ትንሽ የደከመ ዓይን ያለኝ ሰው ነኝ። እዚያ ስሄድ ነው ዕውር የምሆነው» አሉኝ።

እንዳልናገር ለመኑኝ። እኔም «እኔ አልነግረውም፤ ግን በቀጥታ ከጠየቀኝ አልዋሽም» አልኳቸው። በዚሁ ተስማማን።

ለኦቦ መገርሳ ግን መንገር ነበረብኝ፤ ያለሱ አይሠራም። ሲሰማ «አሮጊቷ» ባለበት አፉ አፈረ። ከዚያ ምን እንዳደረገ ታውቂያለሽ? ዓይኑን ጨፍኖ የወርክሾፑን ሳጥንና መሳቢያ ሁሉ በእጁ እየዳሰሰ መዞር ጀመረ። አንዱ ሹል ጠርዝ ወጋው፣ አንዱ ክፍት በር ጉልበቱን መታው። ዓይኑን ሲገልጥ «ሠላሳ ዓመት ሙሉ ለሚያይ ሰው ብቻ ነው የሠራሁት» አለኝ። ከዚያች ቀን በኋላ ሁለታችንም ሥራውን እንደ ጨዋታ ወደድነው። እሱ አንድ ሐሳብ ያመጣል፣ እኔ ዓይኔን ጨፍኜ እሞክረዋለሁ።

ላይኛውን በር ወደ ጎን የሚንሸራተት አደረግነው፣ ተረስቶ ክፍት ቢቀር ማንንም እንዳይመታ። ከታች ጎንበስ ተብሎ ጨለማ ውስጥ የሚዳበስ መደርደሪያ በመተው ፈንታ እስከ መጨረሻው የሚወጡ ጥልቅ መሳቢያዎች ሠራን፤ ድስቱ ራሱ ወደ ሰው ይመጣል። ለማንኪያው መሳቢያ ክብ እጀታ፣ ለቢላው ረጅም ብረት፣ ለፎጣው የቆዳ ጠፍር። የመደርደሪያው ጫፍ ጥቁር ሆኖ የጣት ያህል ከፍ አለ፤ ብርጭቆ ቢገፋ አይወድቅም። ነጩን ነገር በጠቅላላ አልጣልነውም፤ በሪሁን በሥዕሉ ላይ የወደደው ነጭ ለግድግዳው ቀረለት። ሥራውን ለማየት ሲመጣ እጀታው ለምን እንደተለያየ ጠየቀኝ። «እናትህ ናቸው የመረጡት» አልኩት። ውሸት አልነበረም። እሱም ሳቅ ብሎ አለፈው።

ያስረከብነው በሐምሌ መጨረሻ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ሰማዩ ጠቁሮ ስለነበር በቀን መብራት አብርተናል። በሪሁን ዳቦ ይዞ መጣ። እማማ የሺወርቅ በአዲሱ ሲንካቸው ብርጭቆ እያጠቡ ነበር፣ ሻይ ሊያጠጡን። ኦቦ መገርሳ የመጨረሻዋን ብሎን ያጠብቃል። ድንገት መብራት ሄደ። ማድ ቤቱ ከጀርባ ስለሆነ መስኮቱም ትንሽ ናት፤ ድቅድቅ ጨለማ ሆነ። ኦቦ መገርሳ እጁን ከብሎኑ ላይ አነሣ። እኔ ባለሁበት ቆምኩ። በሪሁንም ወሬውን አቋረጠ።

እማማ የሺወርቅ ብቻ አላቆሙም። ብርጭቆውን ሲያለቀልቁ፣ ሲገለብጡ፣ ክቡን እጀታ ስበው ማንኪያ ሲያወጡ ሰማሁ። «ሲንኩ እንኳ ጥልቅ መሆኑ፣ ውኃው ልብሴ ላይ አይረጭም» እያሉ ያጫውቱናል። በታጠቡት ብርጭቆዎች ስኳር ጨመሩ፤ አንድም ሲፈስ አልሰማሁም። በሪሁን የስልኩን መብራት አበራና ወደሳቸው አዞረው። ብርሃኑ በጎን ፊታቸው ላይ አረፈ። ዞር አላሉም።

«እማዬ፣ መብራት እኮ ሄዷል» አላቸው።

እጃቸው ቆመ። «አዎ፣ አይቻለሁ» አሉ፣ ግን ዘግይተው ነበር።

የቧንቧው ውኃ ብቻ ይወርዳል። ከዚያ በሪሁን የስልኩን መብራት አጠፋው። በጨለማው ውስጥ ሄዶ አጠገባቸው ሲቆም ሰማሁት። «ፎጣው የት ነው?» ብሎ ጠየቃቸው። «በስተቀኝህ፣ ጠፍር ያለው» አሉት። የቀሩትን እሳቸው እያጠቡ እሱ እያደረቀ፣ መብራቱ እስኪመጣ ድረስ ሁለቱ ጎን ለጎን ቆሙ።

በኋላ ግቢ ውስጥ ተከትሎኝ ወጣ። «ታውቂ ነበር?» አለኝ። «አዎ» አልኩት። ተቆጣ፤ «ለእኔ ነበር መነገር ያለበት» አለ። «ነበረበት፣ ግን ነጋሪዋ እኔ አልነበርኩም» አልኩት። አጥሩን ተደገፈና እንዲህ አለኝ፤ «ለፋሲካ የልጄን ፎቶ አሳየኋት። ታምራለች አለችኝ። ስልኩን ስቀበላት ስክሪኑ ጠፍቶ ነበር። ቸኩላ ነው ብዬ አለፍኩት። ለምን አለፍኩት?» ቅዳሜ ቅዳሜ አሁን እሱ ነው የሚመጣላቸው። ዓይን ሐኪም ዘንድ ወስዷቸዋል፤ የሄደው አይመለስም፣ ጠብታው ግን የቀረውን ያቆየዋል ተብለዋል። አራተኛ ፎቅ የሚባል ነገር አላነሣም። ባለፈው ሳምንት ለደጁ ደረጃ የእጅ መደገፊያ እንድንሠራ ደወለልኝ።

እንግዲህ እናቴ፣ ወደ እኔና አንቺ ልምጣ።

የዚያን ቀን ከሱሉልታ ስመለስ፣ ሚኒባስ ውስጥ፣ ያ «ለምን አለፍኩት» የሚለው ቃል ከጆሮዬ አልወጣ አለ። በጥር አንድ ሐሙስ ሳልነግርሽ ዓለም ገና መጥቼ ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ በራሴ ስም ሥራ ተሰጥቶኝ፣ ላበሥርሽ ነበር አመጣጤ። ፀሐዩ ከጀርባዬ ነበር። አንቺ ለሁለት ሴቶች የመጋረጃ ጨርቅ በክንድሽ እየለካሽ ነበር። ቀና አልሽ፣ በቀጥታ ወደ እኔ አየሽ፣ ከዚያ «ምን ልስጥሽ?» አልሽኝ፤ ለማንም ገበያተኛ እንደምትይው።

ሱቁን ትቼ ወደ እንጨት የሄድኩ ጊዜ ምን ያህል እንዳዘንሽ አውቃለሁ። ስለዚህ «ልጄ አይደለሽም» ያልሽኝ መሰለኝ። አንድ ቃል ሳልመልስ ዞሬ ሄድኩ። እስከ አየር ጤና ድረስ በመስኮት እያየሁ አለቀስኩ። በስልክ ስንገናኝ ያን ቀን አንድም ጊዜ አላነሣሽውም፤ እኔም ኩራት ነው አልኩ። ሰባት ወር ሙሉ በዚያች ቃል ተቀይሜሽ ኖርኩ።

አሁን ሌላ ሌላው ይመጣብኛል። ጁማና አንድ ቀን እየሳቀች «እማ ጣቃ ከቦታው ያንቀሳቀሰ ሰው ላይ እንዴት እንደምትጮህ» አለችኝ። ጨርቅ በጣት እንደሚለይ ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ፤ ዓይንሽ ቢደክም እንኳ አንድ ሰው ሱቅሽ ውስጥ ዓመት ቢቀመጥ ምን ይጠረጥራል? ላጠምድሽ አይደለም የምጠይቅሽ። ማወቅ ስለምፈልግ ብቻ ነው። ያን ቀን በሩ ላይ የቆመችው እኔ እንደሆንኩ አውቀሽ ነበር?

ለጁማናም ለማንም አልተናገርኩም። ሱቅሽን ልቀቂ የሚልሽም የለም። ይህን ደብዳቤ እንጨት ላይ ምልክት በምናደርግበት ወፍራም ማርከር የጻፍኩት፣ ፊደሉንም ይህን ያህል ያገዘፍኩት፣ ሌላ ሰው እንዳያነብልሽ ብዬ ነው። አንድ ደብተር ጨረሰ። ሾፌሩ ኡዘይር በእጅሽ ብቻ እንዲሰጥሽ ነግሬዋለሁ። ጓሮ ፀሐይ ላይ ወጥተሽ እይው። ተሳስቼም ከሆነ፣ ሰባት ወር በከንቱ የተቀየመች ሞኝ ልጅ አለችኝ ብለሽ ሳቂብኝ። ለማንኛውም አፉ በይኝ፣ ይቅር በይኝ።

እሁድ ከዙህር ሶላት በፊት እመጣለሁ። ሜትሬን ይዣለሁ። የእኛንም ማድ ቤት ማየት እፈልጋለሁ፤ ሲንኩ ለአንቺ ቁመት ይሁን ለሌላ ሰው የተሠራው እስከ ዛሬ ጠይቄሽ አላውቅም። ካልፈቀድሽ አልለካም፤ ሻይሽን ጠጥቼ እመለሳለሁ። ሱቁ በር ላይ ስደርስ ግን ዝም ብዬ አልቆምም። ስሜን ጠርቼ ነው የምገባው።

አላህ ዕድሜሽን ያርዝመው፣ እጅሽ የነካውን ሁሉ በረካ ያድርገው፣ ከክፉ ነገር ይጋርድሽ። በዱዓሽ አትርሺኝ።

የመጀመሪያ ልጅሽ